ፒስተንና ቢየላ መቀየር፦ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ

[ምስል፦ ኮፈኗ የተከፈተ ኮሮላ ዲኤክስ፣ ከጭስ ማውጫዋ ሰማያዊ ጭስ]

ሰላም ናችሁ? ዛሬ አዳማ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነን። ይቺ ዲኤክስ 4ኬ ሞተር ነው ያላት። ዘይት ትበላለች፤ ነዳጅ ሲረገጥ ደግሞ ከታች ታንኳኳለች። ፒስተን (ሲሊንደሩ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰው) እና ቢየላ (ፒስተኑን ከታች ካለው ተሽከርካሪ ዘንግ፣ ከኮሎው ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ሊቀየርላት ነው።

መጀመሪያ ግን ለምን ተበላሸ? ከአዳማ አዲስ አበባ ስትሄዱ ዳገት መሆኑ ብዙም አይታወቃችሁም። አስፋልቱ ለጥ ያለ ነው፤ ሹፌሩም ይረግጣል። ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይጨምራል። ጭነት ሞልቶ፣ በቀትር፣ ራዲያተሩ ውሃ ጎድሎት ከሆነ ፒስተኑ ከልክ በላይ ግሎ ያብጥና የሲሊንደሩን ግድግዳ ይቧጭራል። ራዲያተሩ፣ የውሃ ፓምፑና ቴርሞስታቱ ሳይታዩ አዲስ ፒስተን መግዛት ብር መጣል ነው።

ባትሪውን ንቀሉ፣ ዘይትና ውሃውን አፍስሱ። ቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ከላይ፣ ኮፓውን (የዘይት ገንዳውን) ከታች አውርዱ። እስካሁን ጉልበት እንጂ ብልሃት አልጠየቀም።

[ምስል፦ የቢየላው ታችኛ ጫፍ በቅርበት]

ቢየላና ቆቡ (ኮሎውን ከታች አቅፎ የሚይዘው ክፍል) አብረው የተሠሩ ጥንድ ናቸው። የአንዱ ቆብ ለሌላው አይሆንም፤ ተገልብጦም አይታሰርም። ሳትፈቱ ቁጥር ምቱባቸው። ከዚያ የሲሊንደሩን አፍ በጥፍር ዳስሱ። ፋሻው (ፒስተኑን የከበበው ቀለበት) የማይደርስበት ቦታ ላይ ጠርዝ ካለ መጀመሪያ እሱ ይነሳ፤ አለበለዚያ ፒስተኑ ሲወጣ ይሰበራል። በብሎኖቹ ላይ ቁራጭ የጎማ ቱቦ አልብሱ፣ ኮሎውን እንዳይጭሩት። ፒስተኑን በመዶሻው የእንጨት እጀታ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ላይ ግፉት።

አሁን ልኬት። እዚህ ላይ የሚሰንፍ መካኒክ ብዙ ነው። የዚህ ሞተር ሲሊንደር ከፋብሪካ ሲወጣ ስፋቱ 75 ሚሊ ሜትር ነው። ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች፣ በየቦታውም በሁለት አቅጣጫ ለኩ። ሞላላ ከሆነ ወይም ከላይ ከሰፋ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይሰፋል፤ ያኔ አራቱም ፒስተኖች በኦቨርሳይዝ (ከመጀመሪያው ልክ በሰፋ) ይቀየራሉ። አንድ ብቻ ከተቀየረ ደግሞ ክብደቱ ከሌሎቹ ጋር ይመሳሰል።

[ምስል፦ ሲሊንደር ውስጥ የገባ ፋሻ]

አዲሱን ፋሻ ብቻውን አስገቡና በተገለበጠ ፒስተን ገፋ አድርጉት፣ እኩል እንዲቀመጥ። በጫፎቹ መካከል ያለው ክፍተት 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። በጣም ከጠበበ ሲግል ጫፎቹ ይጋጫሉ፣ ግድግዳውን ይቧጥጣሉ፣ ይሰበራሉ።

ስትገጥሙ የፋሻዎቹ ክፍተት አንድ መስመር ላይ አይዋል፤ አዟዙሩት። ፒስተኑ አናት ላይ ያለው ምልክት ወደ ሞተሩ ፊት ይዙር። የብሮንዚኑ (በቢየላውና በኮሎው መካከል የሚገባው ስስ ሽፋን) ጀርባ ደረቅና ንጹህ፣ ፊቱ ዘይት የተቀባ ይሁን። ፋሻው በመጭመቂያ ታስሮ ሲገባ ድንገት ከቆመ አትምቱት። አንዱ ፋሻ አምልጦ ወጥቷል ማለት ነው።

ብሎኖቹ በቶርክ መፍቻ፣ የሞተሩ መመሪያ በሚያዘው ቁጥር፣ በየደረጃው ይጠብቃሉ። «እጄ ያውቀዋል» የሚላችሁ ካለ ሌላ ጋራዥ ፈልጉ። እያንዳንዱ ቢየላ ከታሰረ በኋላ ኮሎውን በእጅ አዙሩት። ከከበደ ፈትታችሁ እዩ።

ከመነሳቷ በፊት ካንዴላዎቹ ተነቅለው የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ (በማስነሻ ሞተሩ) አዙሯት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትነዷት ፈጣን መንገዱን ተዉት፤ ፍጥነት እየቀያየራችሁ ወንጂ ደርሳችሁ ተመለሱ። 1,000 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ዘይቱን ቀይሩ፣ ፊልትሮውም አብሮ።