ማውጫና ነጥቦቹ

እሺ... እየቀዳ ነው። ዛሬ ስለ ሌላ ነገር አወራለሁ ብዬ ነበር፣ ይቆየን። ስለ ወርድ ነው የማወራው። አዎ፣ ማይክሮሶፍት ወርድ። ሳቁ፣ ግድ የለም።

ቤታችንን ያመሰውን የታናሼን የመመረቂያ ጽሑፍ ታውቁታላችሁ። የጥራዝ ዋጋ ልጠይቅ ብዬ ቱሉ ዲምቱ፣ አንዱ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ገባሁ። ልጅቷ የሆነ ተማሪ ማውጫ እየሠራች ነው። እንዴት መሰላችሁ? ርዕሱን ትጽፋለች፣ የነጥቧን ቁልፍ ተጭና ትይዛለች፣ ነጥብ ነጥብ ነጥብ፣ ዳር ስትደርስ የገጽ ቁጥር። አንዲት ነጥብ ከተረፈች ቁጥሩ ወደ ታች ይወርዳል። ታጠፋለች፣ እንደገና። እጄን በላኝ።

«እህቴ፣ ርዕሶቹን ሄዲንግ ዋን፣ ሄዲንግ ቱ ብታደርጊያቸው እኮ ሪፈረንስስ ገብተሽ ቴብል ኦፍ ኮንተንትስ ስትይው ራሱ ያወጣልሻል። ገጹ ከተቀየረም ማውጫው ላይ ሆነሽ ኤፍ 9 ነው» አልኳት። ሄዲንግ ማለት ወርድ «ይሄ ርዕስ ነው» ብሎ እንዲያውቀው የምትሰጡት ምልክት ነው፤ ኤፍ 9 ደግሞ ማውጫውን ያድሰዋል።

ዘወር አለች። ፈገግ ብላ ነው ደግሞ፣ እሱን ልብ በሉልኝ። «አውቀዋለሁ» አለችኝ። «ታዲያ እኔ ምን ልብላ?»

በቃ። ወደ ነጥቧ ተመለሰች።

ለካ ማውጫ ለብቻው ነው የሚከፈለው። አማካሪው አንድ አንቀጽ ባስጨመረ ቁጥር ገጹ ይገፋል፣ ተማሪው ይመለሳል፣ ይከፍላል። እኔ ተማሪውን አስቤ ተናደድኩ፣ ወዲያው ደግሞ የቤቱን ኪራይ አስቤ... ግን ቀልዷን ቢሆንስ? ፈገግታው የቀልድ ነበር። «አውቀዋለሁ» ያለችበት ድምፅ ግን የቀልድ አልነበረም። ወይስ አሁን እኔ ነኝ እየጨመርኩበት?

ደግሞ እሷ ብቻ አይደለችም። ያ የድሮ የግዕዝ ፎንት ጣጣ ትዝ አይላችሁም? ፊደላችንን በላቲን ኮድ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፣ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት እንቆቅልሽ። ዩኒኮድ፣ ለየአገሩ ፊደል የየራሱን ኮድ የሚሰጠው መስፈርት፣ ፊደላችንን የተቀበለው እኮ በ1999 ነው፣ በእነሱ አቆጣጠር። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ኒያላ የሚባለው የግዕዝ ፎንት መጣ። እስካሁን ግን በድሮው የተጻፈ ፋይል ይዞ የሚመጣ ሰው አለ፣ እንደ አዲስ ይተየብለታል። እሱም እንጀራ ነው መቼም።

ታናሼ ራሱ አዲስ ምዕራፍ ሲጀምር ኢንተር፣ ኢንተር፣ ኢንተር እያለ ነው የሚወርደው! ኮንትሮል ይዘህ አንዴ ኢንተር በል፣ ቀጣዩ ገጽ ላይ ነህ። አይሰማም። የገጽ ቁጥሩማ... መግቢያዎቹ በሮማን፣ ምዕራፍ አንድ ከ1 ይጀምር ብለውታል። ሌይአውት፣ ብሬክስ፣ ኔክስት ፔጅ ብላችሁ ሁለቱን ክፍል ትለያላችሁ፤ ከዚያ ፉተሩ ላይ፣ ገጹ ግርጌ ማለቴ ነው፣ ሊንክ ቱ ፕሪቪየስን ታጠፋላችሁ። እሱን ካላጠፋችሁ አንዱን ስትነኩ ሌላውም ይቀየራል። ለዚህች ስንት ሌሊት ተጨቃጨቅን፣ እናቴ ምስክር ናት።

አሁን የሱን ማውጫ በሄዲንግ ሠርቼለታለሁ። መጠረዙ ግን እሷ ጋ ነው፣ ለሰፈሩ ቅርቧ እሷ ናት። ማውጫውን ጠቅ ካደረገችው ግራጫ ይሆናል፣ በእጅ እንዳልተነጠበ ታውቅብኛለች። ፒዲኤፍ አድርጌ ልውሰድላት? ፒዲኤፍ ጥሩ ነው፣ ፎንቱም አይዛባም... ግን ለፎንቱ ብዬ ነው ወይስ ከሷ ለመደበቅ? ቆይ፣ ምኑን ነው የምደብቀው? ኧረ እኔ እንጃ...