እንቀጣለን፤ ግን ስለ ምን?

የተከበራችሁ ዳኞች፣ ዐቃቤያነ ሕግና ጠበቆች፤ ውድ ተማሪዎች፤ ይህን ጉዳይ ጉዳዬ ብላችሁ የመጣችሁ እንግዶች፤ እንደምን አመሻችሁ።

ባለፉት ዓመታት ለተፈጸሙ ከባድ በደሎች ፍትሕ የሚሰጥበትን መንገድ የሚያሳየው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ከጸደቀ ወዲህ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ ጥያቄ ሲነሣ እሰማለሁ። «የሆነው ሆኗል፤ አሁን ሰው መቅጣት ለማን ይጠቅማል?» ይባላል። የሚጠይቁት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ደም የሰለቻቸው ናቸው። እኔንም ሰልችቶኛል። ነገር ግን ቅጣትን በጥቅሙ ብቻ የሚመዝን ሰው ሳያስበው ንጹሑን ጥበቃ ያሳጣዋል፤ ተበዳዩንም ያቃልለዋል። ሰው የሚቀጣው ስለሚገባው ነው፤ ሌላው ምክንያት ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ይህንን ላስረዳ ነው የቆምኩት።

የወንጀል ሕጋችንን አንቀጽ 1 የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ግቡ ወንጀልን መከላከል እንደሆነ ይነግረናል። ስለ ወንጀሎቹና ስለ ቅጣታቸው አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያው ካልበቃ አጥፊው ተቀጥቶ ዳግመኛ እንዳያጠፋ፣ ለሌላውም ትምህርት እንዲሆን፣ ወይም እንዲታረም ያደርጋል። አንቀጹ ወደ ኋላ፣ ወደ ተሠራው በደል አያይም። ይህ አስተሳሰብ ትልልቅ አባቶች አሉት። ጣሊያናዊው ቤካሪያ በ1764 እ.ኤ.አ. ማሰቃየትንና የሞት ቅጣትን የተቃወመው ከዚህ ተነሥቶ ነው። እንግሊዛዊው ቤንታም ደግሞ ቅጣት በራሱ ክፉ ነገር ነው፣ የሚፈቀደውም የባሰ ክፋት የሚያስቀር ሲሆን ብቻ ነው አለ። ብዙ ጭካኔ ያስቀሩ ሰዎች ናቸውና አከብራቸዋለሁ። ጥቅም ብቻውን መሠረት ሲሆን ግን ቤቱ ያዘማል። የሚያዘምበትን ቦታ ለማየት አውሮፓ መሄድ አያስፈልገንም።

አውጫጭኝን አስቡ፤ አንዳንድ አገር አፈርሳታ የሚባለውን። በሬ ይሰረቃል ወይም ጎተራ ይቃጠላል፤ ያደረገው ሰው አይታወቅም። ያገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ እንዲወጣ ይታዘዛል፤ የቀረ ይቀጣል። አዝመራው ቢደርስም፣ ከብቱ ቢጠማም፣ ወፍ እስኪያወጣ ድረስ አይለቀቅም። ወፏ ማን እንደሆነች አይነገርም፤ ያየውን የሚያውቅ ሰው ስሙ ሳይታወቅ ሹክ የሚልበት መንገድ ነው። ወፍ ካላወጣ ደግሞ አገሩ ተዋጥቶ የጠፋውን ይከፍላል። አሁን አንዲት መበለት በዚያ ሜዳ ላይ ተቀምጣ ይታያችሁ። በሬ አልሰረቀችም፤ የሰረቀውንም አታውቅም። ድርሻሽን አምጪ ተባለች፤ ያላትን ፈትታ ሰጠች። በጥቅም ሚዛን ካየነው ሥርዓቱ የሚያስገኘው ነገር አለ፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠብቃል፣ ሌባ መሸሸጊያ ያጣል፣ ባለ በሬውም ይካሳል። ከሷ የሄደውም ጥቂት ብር ነው። ታዲያ ለምን ያንገበግበናል? አባቶቻችን መልሱን ያውቁታል፤ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይላሉ። በቅሎ ከጭብጦ ስንት እጥፍ እንደሚበልጥ የማያውቅ ገበሬ የለም። የሚያሳዝነው የጠፋው ነገር መጠን ሳይሆን ሳይገባኝ መሄዱ ነው።

ነገሩ የጥንት ነው። ከሦስት ሺሕ ስድስት መቶ ዓመት በላይ የሆነው የሐሙራቢ ሕግ፣ አንድ ግንበኛ የሠራው ቤት ተደርምሶ የባለቤቱን ልጅ ቢገድል የግንበኛው ልጅ ይገደል ይላል። ስሌቱ ልክ ነው፤ ልጅ በልጅ። የሚሞተው ልጅ ግን ምንም አልሠራም። ነቢዩ ሕዝቅኤል ደግሞ አባቶች ጨርቋ የወይን ፍሬ በልተው የልጆች ጥርስ ጠረሰ የሚለውን ተረት ዳግመኛ እንዳትመስሉት ብሎ ተነሣ፤ ኃጢአት የምትሠራ ነፍስ እርስዋ ትሞታለች አለ። በእኛም አገር የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ቅጣት የግል እንደሆነ በግልጽ ጻፈ። ጻፈ እንጂ ልማዱ በአንድ ቀን አልሞተም። ተፈላጊው ሲጠፋ አባቱን አስሮ «ልጅህን አምጣ» ማለትን የማያውቅ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ይህ አሠራር ብዙ ጊዜ ልጁን ያስመጣል። ያስመጣልና ልክ ነው የምንል ከሆነ ዛሬ ማታ የምንነጋገርበት ነገር የለንም።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ይህን ነው አጥብቆ የያዘው። በ1797 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ ሰውን ለራሱም ይሁን ለኅብረተሰቡ ይበጃል ተብሎ ብቻ መቅጣት ሰውን እንደ ዕቃ መገልገል ነው። መጀመሪያ ጥፋተኛ ሆኖ መገኘት አለበት፤ ከቅጣቱ የሚገኘው ጥቅም የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚህም አልፎ ብዙዎችን የሚያስደነግጥ ምሳሌ ሰጠ። በደሴት የሚኖር ሕዝብ ለመበተን፣ እያንዳንዱ ወደየአገሩ ለመሄድ ተስማማ እንበል። ወኅኒ ቤት ውስጥ የቀረው የመጨረሻው ነፍሰ ገዳይ እንኳን ከመበተናቸው በፊት ቅጣቱን መቀበል አለበት ይላል፤ አለዚያ ደሙ በሕዝቡ ላይ ይቀራል። የሚያስፈራራው ሕዝብ የለም፤ የሚታረምበት ነገም የለም። የቀረው ዕዳው ብቻ ነው። የሞት ቅጣቱን እኔ አልቀበለውም። ካንት የያዘውን እውነት ግን መጣል አልቻልኩም፤ ምክንያቱን ቀይ ሽብር ላይ ስደርስ ታዩታላችሁ።

ከእርሱ በኋላ የመጣው ሄግል ሌላ ነገር ጨመረ። በማስፈራራት ብቻ የቆመ ቅጣት ሰውን ዱላ እንደተነሣበት ውሻ ያየዋል አለ። ወንጀለኛው ግን የሚያስብ ሰው ነው፤ ያደረገውን መርጦ አድርጓል። ስለ ሥራው መልስ ስጥ ስንለው እያከበርነው ነው። በመጀመሪያ ስታነቡት ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት ክብር ነው ያሰኛል። ነገር ግን ተቃራኒውን አስቡት፤ ጥፋተኛን «በሽተኛ ነህ፣ እስክትድን እናቆይሃለን» የሚል ሥርዓት። ዳነ የሚለው ማነው? መቼ? አንድ ከረጢት ድንች የሰረቀ ሰው ጠባዩ አልታረመም ተብሎ ዐሥር ዓመት ሊቆይ ይችላል። «ይገባዋል» የሚለው መለኪያ ጣሪያ አለው፤ ጣሪያው ላይ ሲደርስ መንግሥት እጁን ያነሣል። ለእኔ የዚህ ፍልስፍና ትልቁ ስጦታ ይህ ጣሪያ ነው።

ባለፈው ምዕተ ዓመት የተነሡ ፈላስፎች ደግሞ ነገሩን በሸክም መጋራት አስረዱት። ሁላችንም ሕግ ስናከብር ፍላጎታችንን እየገታን ነው፤ ወንጀለኛው የኛን መገታት እየተጠቀመ የራሱን ድርሻ አልሸከምም ይላል፤ ቅጣት ሚዛኑን ይመልሳል። ግብር ለሚሰውር ነጋዴ ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሴት ለደፈረ ሰው ግን ይከሽፋል። ሌሎቻችን መድፈር እያማረን የታገስን፣ እርሱ ብቻ ያመለጠን ያስመስላል። በደሉ የተሠራው በእርስዋ ላይ ነው እንጂ በኛ ትዕግሥት ላይ አይደለም። ስለዚህ ይህን ሐሳብ አልፌው እሄዳለሁ።

የሚበልጠው ማስረጃ ለእኔ ከተበዳዩ በኩል የሚመጣው ነው። ከባድ ወንጀል ጉዳት ብቻ አይደለም፤ ንግግርም ነው። «አንተ ከእኔ በታች ነህ፤ ልሠራብህ እችላለሁ» ይላል። በቀይ ሽብር ጊዜ የወጣቶች ሬሳ መንገድ ዳር ተጥሎ፣ ደረቱ ላይ ጸረ አብዮተኛ የሚል ጽሑፍ ይለጠፍበት ነበር። እናት እንዳታለቅስ ተከለከለች፤ ድንኳን መጣል፣ ለቅሶ መቀመጥ ወንጀል ሆነ። የልጃቸውን ሬሳ ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ ክፈሉ የተባሉ ወላጆች አሉ። የጥይቱን ዋጋ! ከገንዘቡ ይልቅ በውስጡ ያለውን ንግግር ስሙት፤ ልጅሽ ለገደልንበት እርሳስ እንኳን አይበቃም ማለት ነው። እንዲህ ላለው ንግግር ዝምታ መልስ ሊሆን አይችልም። ዝም ያለ መንግሥት በንግግሩ ተስማምቷል።

የደርግ ባለ ሥልጣናትን የሚከስ ልዩ ዐቃቤ ሕግ በ1984 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ችሎቱ በታኅሣሥ 1987 ተከፈተ፤ የጥፋተኝነት ውሳኔው በታኅሣሥ 1999 ተሰጠ። ዐሥራ ሁለት ዓመት የፈጀ ክርክር ነው። በጥር 1999 ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደ፤ በግንቦት 2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደ ሞት አከበደው። በዚያን ጊዜ ተከሳሾቹ አርጅተዋል። ሥልጣናቸው ሄዷል፤ ሥርዓታቸው በ1983 ዓ.ም. ፈርሷል፤ ዋናው ሰው መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ዚምባብዌ ሆኖ በሌለበት ነው የተፈረደበት። ማንን ይጎዳሉ? አይጎዱም። ይታረሙ? ሽማግሌ ናቸው። ቤንታም እዚህ ላይ ይደክማል፤ የካንት ደሴት ግን በሕይወት ትመጣለች። ሥርዓቱ ተበትኗል፣ ዕዳው አልተበተነም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 28 በሰው ዘር ላይ የሚፈጸም ወንጀል በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ፣ አይታገድም፣ በምሕረትም ሆነ በይቅርታ አይታለፍም ሲል የተናገረው ይህንኑ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 1 ያልጻፈውን ሕገ መንግሥቱ ጽፎታል።

በቀል ነው የሚሉኝ ይኖራሉ። ደም መላሽን ስለማውቅ ልዩነቱን አውቃለሁ። ደም መላሽ የሟች ወገን ነው፤ ሚዛኑን የሚይዘው ሐዘኑ ነው። ገዳዩን ቢያጣ ወንድሙን ይጠብቃል፤ የተገደለው ወንድም ልጅ ደግሞ አድጎ ጠመንጃ ይፈልጋል። እንደ ሥራው መቅጣት ሌላ ነው። ፈራጁ ባዕድ ነው፣ ማስረጃ ይጠይቃል፣ ከጥፋተኛው በቀር ማንንም አይነካም፣ ያበቃል።

ከባዱ ጥያቄ «ስንት?» የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ ፈላስፎቹ ከዳኞቻችን የተሻለ ነገር የላቸውም። ዓይን ስለ ዓይን ለነፍሰ ገዳይ ይገጥም ይሆናል፤ ለጉቦኛ ምን ይደረጋል? ችሎት የገባችሁ ታውቃላችሁ። ጥፋተኛ ነው ከተባለ በኋላ ዐቃቤ ሕግ የቅጣት አስተያየቱን ያቀርባል፤ በሌሊት ነው፣ በቡድን ነው፣ መሣሪያ ይዞ ነው እያለ ማክበጃውን ይቆጥራል። ጠበቃው ይነሣና ሪከርድ የለበትም፣ የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው፣ የታመመች እናቱን ይጦራል፣ ተጸጽቷል ይላል። የወንጀሉ ደረጃ ይያዛል፣ የቅጣቱ እርከን ይወጣል፣ ማቅለያው ሲያዝ ወደ ታች ይወርዳል። ለተራ የሰው ግድያ ሕጉ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው የሚለው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ዐሥራ አምስት ዓመት ነው፤ የአንድ ሰው ወጣትነት። ተመሳሳይ ጥፋት በሁለት ችሎት የተራራቀ ቅጣት እንዳያስከትል ነው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ያወጣው፣ በ2006ም ያሻሻለው። መመሪያው ፍጹም አይደለም። የሚጠይቀው ጥያቄ ግን ትክክል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አስተውሉ። በተራ ቸልተኝነት ሰው የገደለ ሰው ቅጣቱ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። አስቦና አቅዶ የገደለ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ይጠብቀዋል። ሟቹ በሁለቱም ሞቷል፤ ልጆቹ በሁለቱም ወላጅ አጥተዋል። ይህን ያህል የሚያራርቃቸው የልባቸው ጥፋት ነው። ሕጋችን አንቀጽ 1 ላይ ስለ መከላከል ቢናገርም፣ አንቀጽ 88 ላይ ሲደርስ ቅጣት በጥፋተኛው የጥፋት መጠን ይወሰን ይላል። አንድ ተማሪ ወረቀት ለመጻፍ ርዕስ ካጣ፣ ይኸው።

ድሃውን ሳልጠቅስ ባልፍ እዋሻለሁ። ምንም ድርሻ ያልሰጠነውን ልጅ ዕዳህን ክፈል የምንልበት አፍ አለን ወይ? ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ያሳፍራልም። ግን የሚያነሣው ማን እንደሆነ ተመልከቱ። በማስፈራራት ብቻ የሚያስብ ሰው፣ የተራበ ሰው ፈተናው ብርቱ ነውና ብርቱ ቅጣት ያስፈልገዋል ወደ ማለት ይሄዳል። እንደ ሥራው ይሁን የሚለው ነው ጥፋቱን ከችግሩ ለይቶ፣ ይህ ልጅ ያን ያህል አይገባውም የሚለው።

ስለ ይቅርታ ተናግሬ ልጨርስ። በግንቦት 2003 የሃያ ሦስት የደርግ ባለ ሥልጣናት የሞት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ ተቀየረ፤ በመስከረም 2004 ብዙዎቹ በአመክሮ ተፈቱ። አስቀድሞም የሃይማኖት አባቶች ስለ ይቅርታ ለምነው ነበር። አንዳንድ የተጎጂ ቤተሰቦች ተቀየሙ፤ አዝንላቸዋለሁ። ያም ሆኖ ሥርዓቱን ተመልከቱ፤ ክስ፣ ማስረጃ፣ ጥፋተኛነት፣ ቅጣት፣ ከዚያ ምሕረት። ቁርኣንም ነፍስ በነፍስ ብሎ ከደነገገ በኋላ ነው መብቱን ለተወ ሰው ማስተሰረያ ይሆንለታል የሚለው። መጀመሪያ መብት አለ፤ የሚተወው ያ ነው። የማይገባውን ቅጣት ማንም ሊምርህ አይችልም።

አዲሱ ፖሊሲ በቅድመ ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ምሕረትን ይዟል። አልቃወመውም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በሚዘጋጀው ሕግ ላይ እጃችሁ ያለበት ሰዎች እዚህ ስላላችሁ ለእናንተ እናገራለሁ። ምሕረት የሚያገኝ ሰው ሁሉ በውሳኔው ላይ ስሙ፣ የሠራው ሥራ፣ የበደለው ሰው ወይም መንደር፣ ሕጉም ለዚያ ሥራ የሚወስነው ቅጣት አንድ በአንድ ይጻፍ። ከዚያ በታች «ምሕረት ተደርጎለታል» ይባል። ተበዳዩም ከመፈረሙ በፊት ቀርቦ ይሰማ፤ የውሳኔውም ግልባጭ በሚያነበው ቋንቋ ይሰጠው።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄያችሁንና ተቃውሟችሁን ልስማ።