አስታማሚዋን ማን ያስታምማት?

ሰላም ሰላም! እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ከሐዋሳ ነው የማናግራችሁ። ከበስተጀርባዬ የምትሰሙት ድምፅ ባጃጅ ነው፤ ይቅርታ። ባጃጅ የማይሰማበት ቦታ ፍለጋ ሐይቁ ዳር ድረስ ሄጄ ነበር። እዚያም አለ።

የዛሬው ርዕሳችን በሽተኛው አይደለም፤ አስታማሚዋ ናት። "ዋ" ያልኩት ሆን ብዬ ነው። በብዙ ቤት አስታማሚ ማለት ሚስት ናት፣ እናት ናት፣ ወይ ትልቋ ልጅ። የምታስታምሙ ወንዶች፣ እናንተንም አይቻችኋለሁ፤ እንዳትቀየሙኝ።

እስቲ አስቡት። ሰው ሲሞት ዕድር አለን። ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይመጣል፣ ንፍሮ ይቀቀላል። ሁሉም ነገር በግማሽ ቀን ያልቃል! ሰውየው ግን ከመሞቱ በፊት ስምንት ወር ተኝቶ ነበር። በእነዚያ ስምንት ወራት ድንኳኑ የት ነበር? መጋዘን ውስጥ ተጣጥፎ።

ስለ ድንኳን ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ጎረምሳ ሳለሁ የሰፈራችን ዕድር ድንኳን ተካይ ነበርኩ። ደሞዝ የለውም፤ ክፍያው ንፍሮ ነው። የዕድሩ ንብረት ያዥ የነበሩት ጋሼ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዙናል። "ሳብ! ላላ አድርግ! ሳብ አልኩህ እኮ!" እሳቸው ራሳቸው ገመድ ሲይዙ አይቼ አላውቅም።

እና ከሳቸው የተማርኩት ምንድን ነው? ምሰሶ በራሱ አይቆምም። ወፍራም ይሁን፣ ብረት ይሁን፣ በራሱ አይቆምም። የሚያቆመው ገመዱ ነው። ገመዱ በአራቱም በኩል እኩል ሲወጠር ምሰሶው ቀጥ ይላል። በአንድ በኩል ብቻ ሦስት ጎረምሳ ቢጎትት፣ በወዲያኛው በኩል ደግሞ ሰው ባይኖር፣ ምሰሶው ወደ ጎታቾቹ ይመጣል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ተነሳ፣ ከወዲያ በኩል ያለው ካስማ ተነቀለ፣ ድንኳኑ ዘፍ ብሎ ካርታ የሚጫወቱት ሽማግሌዎች ላይ ወረደ። ከሸራው ሥር የሰማነው ድምፅ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ማነው ተራው?"

እሺ፣ ሳቃችሁን ጨርሱ። አስታማሚዋ ምሰሶዋ ናት። "ጠንካራ ናት፣ ትችለዋለች" ትሏታላችሁ አይደል? ምሰሶውም ጠንካራ ነበር።

አባቴ ሲታመም ምሰሶዋ እናቴ ነበረች። እኔስ? እኔ አዲስ አበባ ሆኜ በስልክ የምጎትት ገመድ ነበርኩ። "እማዬ፣ ሐኪሙ ምን አለ? ለምን ሌላ ሐኪም አታሳዩትም? ኢንተርኔት ላይ እንዲህ የሚል አነበብኩ።" በቀን ሦስቴ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ እሱን ደግፋ ሽንት ቤት የምታደርስ እሷ፤ ጠዋት ለኔ ሪፖርት የምታቀርብ እሷ። አንድ ቀን እሱን ለማሳየት ሄዳ፣ ነርሷ ፊቷን አይታ "እስቲ እርስዎንም ልለካዎት" አለቻት። ደም ግፊቷን ሁለቴ ለካችው፤ መሣሪያው የተበላሸ መስሏት።

ከአባቴ ሕመም ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ ይህን የነገረችኝ ስልክ ነው።

(ሥዕል፦ ምሰሶና አራት ገመድ)

ታዲያ ገመዱ ምንድን ነው? ሌሊት ነው። ከሁሉም በፊት ሌሊት። በሳምንት ሁለት ሌሊት ሌላ ሰው ቢያድር፣ አስታማሚዋ ሁለት ሌሊት ተኛች ማለት ነው። መድኃኒት ቤትና ገበያ መሄድ ሌላው ገመድ ነው። ስልክም ገመድ ነው፣ አትሳቁ! "እንዴት አደረ?" የሚል ስልክ በቀን ሃያ ጊዜ ይደወላል። አንድ ሰው ይመደብና ለዘመድ ሁሉ እሱ ይመልስ። ከቤት ወጥቶ መመለስም አለ። የኛ ጎረቤት የሆኑ አንዲት እናት በየሐሙሱ ከሰዓት መጥተው "ውጪ" ይሏት ነበር። በቃ፣ "ውጪ"። እናቴ መጀመሪያ ቀን የት እንደምትሄድ ጠፍቷት ደጅ ላይ ተቀምጣ ተመለሰች። በሦስተኛው ሳምንት ሹሩባ ተሠርታ መጣች።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። ሴትዮዋ "ምን ላግዝሽ?" አላሉም። እኛ አገር "ምን ላግዝሽ?" የሚለው ጥያቄ መልሱ አንድ ነው፦ "ኧረ ምንም፣ እግዜር ይስጥልኝ።" ስለዚህ አትጠይቁ። ቀንና ሰዓት ተናገሩ።

(ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ብላችሁ እንዳትጽፉልኝ። በየሳምንቱ ይጻፍልኛል። አውቀዋለሁ።)

ወደ ሕክምናው ልግባ። ፓሊየቲቭ ኬር የሚባል አለ። ስቃይ የማስታገስ እንክብካቤ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ትርጓሜ ውስጥ ታማሚው ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡም አለበት። ከሌላ ሕክምና ጋር ጎን ለጎን ይሰጣል፤ "ተስፋ ቆረጥን" ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚባል ድርጅት ቤት ለቤት እየሄደ ይህን ይሠራል። እናንተ ባላችሁበት ሐኪሙን "የሕመም ማስታገሻውን የሚከታተልልን ማነው?" ብላችሁ ጠይቁ። የጤና መድህን ካላችሁ ሪፈር ወረቀቱን ከጤና ጣቢያ አስጽፋችሁ ሂዱ፤ ሳትይዙ ከሄዳችሁ ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። የተኛውን ሰው በየ2 ሰዓቱ አገላብጡት፣ ገላው እንዳይቆስል። አፉን በእርጥብ ጨርቅ አጽዱለት። መድኃኒቱን የሰጣችሁበትን ሰዓት ደብተር ላይ ጻፉ። አለቀ። አሁን ወደ...

ቆይ። ባለፈው ቪዲዮ ሞርፊን (ለከባድ ሕመም የሚታዘዝ ማስታገሻ ነው) የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ ብቻ ጠርቼ የደረሰብኝን አልነግራችሁም። "ሱስ ያስይዛል!" "ሞርፊን ከተጀመረ ሰውየው አበቃለት!" አንዷ ደግሞ "እናቴ እየጮኸች ሞታለች፤ ሞርፊን ታዞላት ነበር፣ ወንድሜ ከለከለ" ብላ ጻፈች። ይቺን ካነበብኩ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። የቀረው እቅዴ ይቅር።

ሱሱን በቡና እናስረዳ። ሲዳማ ላይ ቁጭ ብዬ በሌላ በምን ላስረዳ? ጠዋት ቡና ያልጠጣ ሰው ራሱን ያመዋል። ሰውነቱ ለምዶታል። ግን ቡና ለማግኘት የቤቱን ዕቃ ይሸጣል? ሚስቱን ይዋሻል? አይ። ሰውነት መልመድና ሱስ ሁለት ነገር ናቸው። ሐኪም መጥኖ ለሕመም ያዘዘለት የካንሰር ታማሚ ሱስ ውስጥ መግባቱ ብዙም የሚታይ ነገር አይደለም። ሰውነቱ ግን ይለምዳል። ስለዚህ በድንገት አይቋረጥም፤ ሐኪሙ ቀስ እያለ ይቀንሰዋል።

"ገደለው" የሚለውስ? ሞርፊን ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በሽታው ሲከፋ ነው። ሰውየው ሲሞት መጨረሻ ላይ ያያችሁት ጠርሙሱን ነው። ጥፋተኛውም ጠርሙሱ ይሆናል። በሽታውን ማንም አይከሰውም! በትክክል ተመጥኖ ሲሰጥ የሚያደርገው ሕመሙን ማስታገስ ነው። ያመመው ሰው ይተኛል፣ ይበላል፣ ከልጁ ጋር ያወራል።

ሲሲሊ ሳንደርስ የምትባል እንግሊዛዊት ነበረች። መጀመሪያ ነርስ፣ በኋላ ሐኪም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 ለንደን ውስጥ ቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን፣ ማለትም በማይድን በሽታ የተያዙ ሰዎች የሚታከሙበትን ቤት፣ ከፈተች። ሙግቷ አንድ ነበር፦ ሕመሙ ተመልሶ እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ማስታገሻውን በሰዓቱ ስጡ። በአፍ የሚወሰደው ፈሳሽ ሞርፊን ብዙ ጊዜ በየ4 ሰዓቱ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። "እስቲ ትንሽ ይቻለው" ብላችሁ አትዝለሉ።

አደጋ የለውም አላልኩም። መጀመሪያ ቀናት እንቅልፍና ማቅለሽለሽ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል። የሆድ ድርቀቱ ግን አይለቅም፤ ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ እንዲታዘዝ ጠይቁ። ኩላሊቱ የታመመ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ። መጠኑን በራሳችሁ አትጨምሩ። ሰውየው ቀስቅሳችሁት አልነቃ ካለ፣ ትንፋሹም ከዘገየ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ሕፃን የማይደርስበት ቦታ ቆልፉበት። ለጎረቤት ወገብ ሕመም አይሰጥም፣ እባካችሁ!

ያቺ ልጅ፣ እየሰማሽ ከሆነ፣ ወንድምሽ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ሰምቶ ነው። እኔም ሰምቼ ነበር፤ አባቴን ሁለት ሳምንት አስከልክዬዋለሁ። በስልክ።

ዕድሮችን ላንሳና ልውረድ። ኤች አይ ቪ በበረታበት ዘመን አንዳንድ ዕድሮች ቤት ለቤት የሚያስታምሙ በጎ ፈቃደኞች አሰማርተው ነበር። ስለዚህ "ደንባችን አይፈቅድም" አይሠራም። በሚቀጥለው ወርሃዊ ስብሰባ እጃችሁን አውጡና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "ከአባሎቻችን ቤት የተኛ ሰው ያለው ማን ነው?" ጸሐፊው ይጻፈው።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፤ ለዚያ ሁሉ ባጃጅ ካሣ ይሆነኛል። በቀጣዩ ቪዲዮ ከባድ ሰው ወገባችሁን ሳትጎዱ እንዴት እንደምታገላብጡ ከአንዲት ነርስ ጋር አሳያችኋለሁ። ስትመጡ አንድ ጋቢና አንድ የማይነጫነጭ የቤተሰብ አባል ይዛችሁ ኑ። የማይነጫነጭ ካጣችሁ፣ ጋቢው ይበቃል።