የእማዬ አውራ ጣት

እሺ... ዛሬ መግቢያ ሙዚቃ የለም፣ ቡናም አላፈላሁም፣ ዝም ብዬ ማይኩን ከፍቼ ነው። የግንባሬን እብጠት ነገር ባለፈው "ወጣ፣ ተገላገልኩ" ብያችሁ ነበር አይደል። አልተገላገልኩም መሰለኝ።

ቦሌ ነው። ፓርኪንጉ ጋ፣ ሰው አበባ ይዞ የሚቆምበት። እማዬ ጉንጬን ሳመች ሳመች ሳመችና ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አውራ ጣቷን ከግራ ቅንድቤ በላይ አሳረፈች። እዛችው ቦታ። 20 ምናምን አመት ሙሉ በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ጣቷ የሚያርፈው እዛች እብጠት ላይ ነው፣ ለጎረቤት እንኳን "ግንባሯ እኮ ነው፣ እድሏ ብቅ ብሎ ነው" ትል ነበር። አሁን ጣቷ ዝም ብሎ አለፈ። ተመለሰች፣ ወደ ጎን ፈለገች፣ ደግሞ ተመለሰች። "የት ሄደ?" እኔ ሰርፕራይዝ ብዬ ነው የደበቅኳት፣ "አስወጣሁት እማ! እዪው፣ ጠባሳ እንኳን የለውም!"

የለውም ደግሞ እውነቴን ነው። የመጀመሪያው ሀኪም እብጠቱ ላይ በአግድም እንቀደዋለን ነበር ያለኝ። በኢንዶስኮፕ ይቻላል ያለችኝ ሁለተኛዋ ናት። ኢንዶስኮፒ ስል ጨጓራ እንዳይመጣባችሁ፣ በአፍ የሚገባ ነገር የለም። ከፀጉሬ መነሻ ትንሽ ወደ ኋላ 2 ሴንቲ ሜትር የምትሆን ቀዳዳ ከፍተው 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት ካሜራ ያስገባሉ፣ ከዛ ቆዳውን ከአጥንቱ ቀስ እያሉ እያላቀቁ እስከ እብጠቱ ይወርዳሉ፣ ሀኪሟ የምታየው ስክሪን ነው። የስብ እጢ፣ ሊፖማ የሚሉት፣ ቢሆን በዛው ይሳባል። የኔ ግን ሲቲ ስካን ላይ ኦስቲዮማ ሆነ፣ አጥንት ላይ የበቀለ አጥንት፣ ካንሰር ያልሆነ። ስለዚህ በመሮ ነው የሚነሳው። በመሮ! ሙሉ ለሙሉ አላስተኙኝም፣ ቦታውን አደንዝዘው ማረጋጊያ ሰጡኝ፣ ህመም የለም ግን ድምፁ... ጠ ጠ ጠ... በጆሮ አይደለም፣ ከውስጥ ነው የሚሰማው፣ ጥርስ ድረስ። ሰፈራችን የነበረው አናጢ ትዝ አለኝ፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ በር ሲሰራ ቆመን የምናየው፣ ያ የእንጨቱ ሽታ፣ እና በር ስል...

አዎ። ደፉ።

መኪና ውስጥ ምንም አላለችም። ቤት ገብተን ነጠላዋን ሳታወልቅ ቁጭ አለችና "ያን ቀን እኮ ለአንዴ ነው ዞር ያልኩት" አለች። የቱን ቀን? የ2 አመት ልጅ ሆኜ ደፉ ላይ በግንባሬ ወድቄያለሁ። ወተቱ ሊገነፍል ነበር አለች። እኔ ወተቱንም ደፉንም አላስታውስም። እሷ ግን ያን ሁሉ አመት ጣቷን ባሳረፈች ቁጥር... እኔ ፍቅር ነው ብዬ፣ ማለቴ ፍቅርም ነው፣ ግን...

ሀኪሟን ከምን መጣ ብያት ነበር። መንስኤው በውል አይታወቅም፣ ከምት ነው የሚሉ አሉ፣ አብሮ የሚወለድ ነው የሚሉም አሉ። ብዙ ቢሆን ኖሮ አንጀትሽንም እናይ ነበር አለችኝ፣ ጋርድነር የሚባል በዘር የሚመጣ፣ አንጀት ላይም እጢ የሚያበቅል ነገር ስላለ፣ የኔ አንድ ብቻ ነው። ታዲያ እማዬን ምን ልበላት? "ካንቺ አይደለም" አፌ ላይ ነበር። በምን እርግጠኛነት ግን? ዝም አልኩ፣ ዝምታዬን ደግሞ እንዴት እንደወሰደችው እንጃ።

አንድ ያልነገርኳት አለ። ከቅንድብ ወደ ላይ የሚወጣ ለግንባርና ለአናት ስሜት የሚሰጥ ነርቭ አለ፣ በኦፕሬሽኑ ሲነካካ ለወራት ሊደነዝዝ ይችላል፣ የኔም ደንዝዟል። ቦሌ ጣቷ ሲንሸራተት ያወቅኩት በቆዳዬ አይደለም፣ ከአይኗ ነው። አሁን አሁን ያሳክከኛል፣ እየተመለሰ ይሆናል።

ትላንት በቪዲዮ ደወለች። "ግንባርሽን አቅርቢው እስቲ" አለችኝ። አቀረብኩት። ዝም አለች፣ በጣም ረጅም ዝም። ኔትወርኩ ነው ብዬ ነበር፣ ግን ከኋላዋ ሬድዮው ይሰማኛል፣ እና...