ሪሴት ከመጫናችሁ በፊት ፓኔሉን አንብቡ

የተከበራችሁ ኦፕሬተሮች፣ የጥገና ባለሙያዎች፣ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጆች፤ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ የምናገረው ስለ ቺለር ፓኔል፣ ማለትም ውሃ የሚያቀዘቅዘው ማሽን ስላለው መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ነው። ምሳሌዎቼን ከፕላስቲክ ፋብሪካ እወስዳለሁ፤ እዚህ ያለን አብዛኞቻችን የምንሠራው እዚያ ነውና። ፕሪፎርም፣ ማለትም ተነፍቶ ጠርሙስ የሚሆን ፕላስቲክ፣ ወይም ክዳን የሚያመርት ማሽን ሞልዱን፣ ማለትም ቅርጽ ማውጫውን፣ የሚያቀዘቅዝለት ውሃ ካጣ ምርቱ ይበላሻል። ትንሽ ቆይቶ መስመሩ ይቆማል። ስለዚህ የቺለሩ አላርም ሲጮህ ሁሉም ወደ አንድ ቁልፍ ይሮጣል፤ አላርሙን ወደሚያጠፋው ወደ ሪሴት። እኔ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ያ ቁልፍ ከመጫኑ በፊት ስክሪኑ ላይ ያለው ይነበብ፣ ይጻፍ። አንዴ ሪሴት ካደረጋችሁት፣ ቺለሩን የሚቆጣጠረው መሣሪያ፣ ኮንትሮለሩ፣ ታሪክ የማይመዘግብ ከሆነ፣ ምክንያቱ አብሮ ይጠፋል።

ከቀላሉ ልጀምር። ፓኔሉ ላይ ሁለት የውሃ ሙቀት ታያላችሁ፤ ወደ ቺለሩ የሚመለሰውና ከቺለሩ የሚወጣው። ብዙ ቺለሮች የተሠሩት በ12 ዲግሪ ገብቶ በ7 ዲግሪ ለሚወጣ ውሃ ነው። ልዩነቱ 5 ዲግሪ ነው። ይህን ልዩነት መከታተል ብቻ ብዙ ያሳውቃል። ልዩነቱ ወደ 8 ከሰፋ ፍሰቱ ቀንሷል፤ ፊልተር ተደፍኗል፣ ቫልቭ በግማሽ ተዘግቷል ወይም ፓምፑ ደክሟል። የማቀዝቀዣውን ጋዝ የሚጨምቁት ኮምፕረሰሮች ሁሉ ሳያቋርጡ እየሠሩ ልዩነቱ 1 ወይም 2 ብቻ ከሆነ ደግሞ ጋዙና ኮምፕረሰሩ ይታይ። ፍሰቱን የምታውቁ ከሆነ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። በሰከንድ 5 ሊትር በ4.19፣ ማለትም አንድ ሊትር ውሃን በአንድ ዲግሪ ለመቀየር በሚያስፈልገው ኪሎጁል፣ ይባዛል፣ በ5 ዲግሪ ይባዛል፤ ወደ 105 ኪሎዋት ይመጣል። ቺለሩ በዚያ ሰዓት ከውሃው እያወጣ ያለው ሙቀት ይህ ነው። ስሙ 150 ኪሎዋት የሚል ማሽን በሙሉ ኃይሉ እየሠራ 105 ብቻ ከሰጣችሁ መጠየቅ አለባችሁ።

አሁን ወደ ሴት ፖይንት። እዚህ ላይ ልቆይ፤ ትልልቁ ኪሳራ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሴት ፖይንት የምንፈልገው የውሃ ሙቀት ነው እንላለን። ግን የየትኛው ውሃ? አንዳንዱ ኮንትሮለር የሚቆጣጠረው የሚወጣውን ውሃ ነው። ሌላው፣ በተለይ አነስተኛ ቺለሮች ላይ ያለው፣ የሚመለሰውን ነው። እንግዲህ 7 ዲግሪ ውሃ የፈለገ ሰው፣ የሚመለሰውን በሚቆጣጠር ቺለር ላይ 7 ብሎ ሞላ እንበል። ኮምፕረሰሩ የሚመለሰው ውሃ 7 እስኪደርስ አይቆምም። በዚያ ሰዓት የሚወጣው ውሃ ወደ 2 ዲግሪ ይወርዳል ማለት ነው። እዚያ ሳይደርስ ግን፣ 4 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ ውሃው በረዶ እንዳይሆን የሚጠብቀው አንቲፍሪዝ አላርም ይመጣል። አላርሙ ልክ ነው። ቺለሩም ጤነኛ ነው። የተሳሳተው የተሞላው ቁጥር ነው።

ቀጥሎ የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሪሴት ይደረጋል። ትንሽ ሠርቶ ይቆማል። እንደገና ሪሴት። ሌሊት ላይ አንዱ ይሰለቸውና የአላርሙን ገደብ ከ4 ወደ 1 ያወርደዋል። ጩኸቱ ይቆማል፤ አደጋው ግን ገና መጀመሩ ነው። ኢቫፖሬተር ውስጥ፣ ማለትም ጋዙ ውሃውን በሚያቀዘቅዝበት ክፍል ውስጥ፣ ያለው ጋዝ ሁልጊዜ ከውሃው ይበልጥ ቀዝቃዛ ነው። የሚወጣው ውሃ 2 ዲግሪ ሲሆን ብረቱን የሚነካው ውሃ ሊረጋ ይችላል። ከተደራረቡ የብረት ሳህኖች በተሠራው በፕሌት ኢቫፖሬተር ውስጥ መተላለፊያው ጠባብ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል፣ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ከዚያ ውሃው ወደ ጋዝ መስመር ይገባል፣ ኮምፕረሰር ድረስ ይሄዳል። አንድ ቁጥር ዝቅ በማለቱ ኢቫፖሬተሩም፣ ኮምፕረሰሩም፣ ዘይቱም፣ ጋዙም ሊሄድ ይችላል። በጣም ቀዝቃዛ ውሃ የግድ የሚያስፈልግ ሥራ ካላችሁ መንገዱ ግላይኮል፣ ማለትም ውሃው ቶሎ በረዶ እንዳይሆን የሚቀላቀልበት ፈሳሽ ነው። ግላይኮሉ በሚገባው መጠን ተቀላቅሎ በመለኪያ ይረጋገጣል። የአላርሙ ገደብ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው።

ፍሎው ስዊችን በሽቦ አሳልፎ ማገናኘትም መጨረሻው ያው ነው። ፍሎው ስዊች ውሃ እየሄደ መሆኑን ለኮንትሮለሩ የሚነግር ብቸኛ ምስክር ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ፓምፕ፣ ቀጥሎ ፍሰት መኖሩ ይረጋገጣል፣ ኮምፕረሰር በመጨረሻ ነው። ሽቦ ካለፈበት ፓምፑ ቢቆምም ኮምፕረሰሩ የቆመ ውሃ ያቀዘቅዛል። በየፋብሪካችሁ ፓኔሉን ከፍታችሁ እዩ። እንዲህ ያለ ሽቦ ካገኛችሁ ነገ ሳይሆን ዛሬ ይውጣ።

ሴት ፖይንቱ ስንት ይሁን ለሚለው ብዙ ሰው ዝቅ ሲል ይሻላል ይላል። አይሻልም። ክረምት ላይ የአዳራሹ አየር 22 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 70 በመቶ ቢሆን፣ ከ16 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ብረት ሁሉ ያልበዋል። ሞልዱ ውስጥ 7 ዲግሪ ውሃ እየላካችሁ ፕሪፎርሙ ላይ የውሃ ምልክት ብታዩ አትደነቁ፤ ሞልዱም ይዝጋል። ያንኑ ሥራ በ12 ዲግሪ መሥራት ከቻላችሁ ሞክሩት። በእያንዳንዱ ከፍ በሚል ዲግሪ ኮምፕረሰሩ የሚበላው መብራት ከ2 እስከ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በወሩ መጨረሻ ቢል ላይ ይታያል።

ከሴት ፖይንት ጎን ዲፈረንሻል የሚባል አለ። ሴት ፖይንቱ 15፣ ዲፈረንሻሉ 3 ከሆነ ኮምፕረሰሩ በ18 ይነሳል፣ በ15 ያርፋል። ዲፈረንሻሉን 1 ብታደርጉት ውሃው ይበልጥ የተረጋጋ ይመስላል፤ ኮምፕረሰሩ ግን ቶሎ ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎ ቶሎ ይቆማል። ሞተር የሚጎዳው ሲነሳ ነው። አምራቾች አንዴ ከቆመ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ እንዳይነሳ የሚያደርግ መቁጠሪያ ያስቀመጡት ለዚህ ነው። ምርት ቸኮለ ብላችሁ መቁጠሪያውን አትንኩት። ስክሪኑ ላይ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ኮምፕረሰሩ ካልተነሳ፣ አብዛኛውን ጊዜ እየጠበቀ ነው። እናንተም ጠብቁ።

ስለ መብራት ካነሳሁ፣ የኛ አገር ነገር አለ። መብራት ይሄዳል፣ ጀነሬተር ይነሳል፣ ተመልሶ ይመጣል። መስመር ጥገና ተደርጎ ወይም ጀነሬተር አዲስ ተገናኝቶ ሁለት ፌዝ፣ ማለትም ከሦስቱ የመብራት መስመሮች ሁለቱ፣ ቦታ ከተቀያየሩ፣ ስክሮል የሚባለው የኮምፕረሰር ዓይነት ወደ ኋላ ይዞራል። ይጮሃል፣ ጋዝ አይጨምቅም፣ እንዲህ ከቆየ ይበላሻል። የፌዞቹን ቅደም ተከተል የሚጠብቀው ፌዝ ሪሌ መብራቱን የሚቆርጠው ለዚህ ነው። ፌዝ ሪሌ ቆረጠ ብሎ ሪሌውን አውልቆ መጣል አለ፤ እባካችሁ ይቅር። ሁለት ገመድ ማቀያየር ነው መፍትሔው፣ ያውም በኤሌክትሪሺያን እጅ፣ ዋናው ብሬከር ወርዶ። ሌላው የኮምፕረሰሩ ዘይት ማሞቂያ ነው። ቺለሩ ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ያለ መብራት ከዋለ ጋዙ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ብዙ ማኑዋሎች ከማስነሳት በፊት ማሞቂያው 12 ሰዓት፣ አንዳንዶቹም 24 ሰዓት እንዲሠራ ያዛሉ። ስለዚህ ምርት በሌለበት ቀን ቺለሩን ከፓኔሉ አጥፉት፤ ማሞቂያው እንዳይጠፋ ግን ዋናውን ብሬከር አታውርዱ።

ሃይ ፕሬሸር፣ ማለትም የጋዙ ግፊት በዛ፣ ብሎ ሲቆም መጀመሪያ ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያስወጣውን ክፍል፣ ኮንደንሰሩን፣ እዩ። አቧራና ላባ የሸፈነው ኮንደንሰር በጣም የተለመደ ነው። አዲስ አበባ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፋኑ ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል። ድሬዳዋ ደግሞ አየሩ ራሱ ሙቅ ነው። ሎው ፕሬሸር፣ ማለትም የጋዙ ግፊት አነሰ የሚል፣ ሲመጣ ግን ወዲያው ጋዝ አትሙሉ። የውሃ ፍሰት ማነስ፣ የተደፈነ የጋዝ ማጣሪያ፣ ድራየር፣ ወይም ጋዙን ወደ ኢቫፖሬተር የሚለቀውና በትክክል የማይከፈት ኤክስፓንሽን ቫልቭ ያንኑ አላርም ያመጣሉ። ኤሌክትሮኒክ ቫልቭ ያለው ቺለር ላይ ደግሞ የጋዙ ዓይነት ኮንትሮለሩ ውስጥ ተጽፏል። ማሽኑ ጋዙ አር 134 ኤ የሚባለው ነው ብሎ እያሰበ ሌላ ጋዝ ከተሞላበት፣ ቫልቩ በተሳሳተ ሒሳብ ነው የሚከፍተውና የሚዘጋው።

ፓራሜትር፣ ማለትም ኮንትሮለሩ ውስጥ የተሞላ ቁጥር፣ መቀየር ካለባችሁ ከመንካታችሁ በፊት ያለውን በሙሉ ጻፉ፣ ወይም በስልካችሁ ስክሪኑን ፎቶ አንሱ። አንዱን ብቻ ቀይሩ። ማን፣ መቼ፣ ከስንት ወደ ስንት፣ ለምን የሚል ደብተር ፓኔሉ ላይ ይንጠልጠል። ለምሳሌ የጣሊያኑ ካሬል ኩባንያ በሠራው ማይክሮቺለር 2 በሚባለው ኮንትሮለር ላይ አር 01 ሴት ፖይንት ነው፣ አር 02 ዲፈረንሻል፣ ኤ 01 የአንቲፍሪዝ ገደብ። ኤፍ ኤል ፍሰት የለም ማለት ነው፣ ኤች ፒ 1 ሃይ ፕሬሸር። እነዚህን በአማርኛ ጽፎ በፕላስቲክ አሽጎ በሩ ላይ መለጠፍ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

የመጨረሻው ቃሌ ለሥራ አስኪያጆች ነው። ማሽኑ የእናንተ ነው፤ ፓስወርዱ ግን አስመጪው ኪስ ውስጥ የቀረባቸው ፋብሪካዎች አሉ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ሺፍት ኃላፊው ማንበብ እንኳ አይችልም። አዲስ ቺለር ስትረከቡ የመጨረሻውን ክፍያ ከመልቀቃችሁ በፊት የየደረጃውን ፓስወርድ፣ የተሞሉትን ፓራሜትሮች ሙሉ ዝርዝርና የአላርሞቹን ትርጉም በጽሑፍ ተቀበሉ። ውሉ ላይ ይግባ። ኦፕሬተሩ ማንበብን፣ የጥገናው ሰው መቀየርን ይማር፤ ሥልጠናውም ያ ማሽን በቆመበት ቦታ ይሰጥ። የሌሊት ሺፍት ሠራተኞችም አብረው ይሠልጥኑ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሱት እነሱ ናቸው።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ አሁኑኑ ጠይቁ።