አራስ ልጅና የወተት ስኳር
(ለነፍሰ ጡር እናቶችና ለቤተሰቦቻቸው በጤና ጣቢያ የተደረገ ንግግር)

እናቶች፣ አባቶች፣ አያቶች፣ እንደምን አደራችሁ!

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ስኳር ነው። ከሱቅ ስለምንገዛው ሳይሆን በእናት ጡት ውስጥ ስላለው። ስሙ ላክቶስ ይባላል። በ100 ሚሊ ሊትር የእናት ወተት ውስጥ 7 ግራም ያህል አለ። በላም ወተት ውስጥ ግን 5 ግራም ገደማ ነው።

ላክቶስ ሁለት ስኳሮች ተጣብቀው የሠሩት ነው፤ ግሉኮስና ጋላክቶስ። እንደተጣበቁ ወደ ደም አይገቡም። የሚያላቅቃቸው ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው፤ የሚገኘውም በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ነው። ልጁ ገና ማህፀን ውስጥ ሳለ፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት፣ አንጀቱ ይህን ኢንዛይም እያበዛ ይሄዳል። ወተት ቀምሶ የማያውቅ አንጀት ለወተት ተሰናድቶ ይወለዳል! እኔን ሁሌም ይገርመኛል።

ሁለቱ ከተላቀቁ በኋላ በደም ወደ ጉበት ይሄዳሉ። ጉበት ጋላክቶሱንም ወደ ግሉኮስ ይለውጠዋል። የአንጎል ዋና ምግብ ግሉኮስ ነው፤ የአራስ ልጅ አንጎል ደግሞ ለሰውነቱ ትልቅ ነው። እትብቱ ሲቆረጥ ከእናቱ ይመጣለት የነበረው ግሉኮስ ይቋረጣል፤ የደሙ ስኳርም ለጊዜው ዝቅ ይላል። በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ስጡት የምንለው አንድም ለዚህ ነው።

እማማዎች፣ እዚህ ላይ ልለምናችሁ። ቅቤ ማላሱም፣ ስኳር በውሃ ማጠጣቱም ከፍቅር የመጣ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ሆዱን ይሞላውና ጡት አልይዝ ይላል። ውሃው ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ ተቅማጥ ያመጣበታል። እንገሩንም አትድፉት። ስኳሩ ከኋለኛው ወተት ቢያንስም፣ ከበሽታ የሚከላከለው ነገር በብዛት ያለው እዚያ ነው።

ሆዱ ቢጮህ፣ ፈሱ ቢበዛም አትደንግጡ። አንጀት ያልጨረሰውን ላክቶስ በትልቁ አንጀት ያሉ ባክቴሪያዎች ይበሉታል፤ አየሩ የሚመጣው ከዚያ ነው። ልጁ እየጠባና እየወፈረ ከሆነ ወተቱ አልተስማማውም ብላችሁ ጡት አታስጥሉት። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ላክቴዙ ገና ትንሽ ነው። ለእሱም ቢሆን የእናቱ ወተት ይሻለዋል፤ በሐኪም ክትትል በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠዋል።

በጣም አልፎ አልፎ ግን ጉበቱ ጋላክቶስን መለወጥ የማይችል ልጅ ይወለዳል። ወተት በጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያስመልሰዋል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ይደክማል፣ መጥባት ያቅተዋል። እነዚህ የሌላ ከባድ ሕመም ምልክቶችም ሊሆኑ ይችላሉ። ካያችኋቸው ነገን አትጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ኑ።