ራም ከመግዛታችሁ በፊት

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለም፤ ስለ ሰርቨር ሜሞሪ ጣሪያ ብቻዬን ጮክ ብዬ ላስብ።

ሌሊት ዳታቤዙ ይወድቃል። ጠዋት ሲታይ ደህና ሲሠራ ቆይቶ ድንገት ያቆመ ይመስላል። ያን ጊዜ ከሁሉም አፍ የሚቀድመው «ራም ይጨመርበት» ነው። ለእኔ የችኮላ መልስ ነው፤ የተነካው የትኛው ጣሪያ እንደሆነ ገና አልታወቀማ። አንዳንዴ ጣሪያው ማሽኑ ላይ እንኳ አይደለም። ዊንዶውስ ሰርቨር 2008 አር ቱ ስታንዳርድ 64 ጊጋ ብትሰኩበትም የሚጠቀመው 32ቱን ብቻ ነው፤ የፈቃድ ጉዳይ ነው። እሱን ልለፈውና ወደ ሊኑክስ ልምጣ።

ሊኑክስ የሌለውን ቃል ይገባል። ሰርግ ደጋሽ 500 ሰው ጠርቶ 350 ወንበር ይከራይ የለ? ሁሉም በአንድ ሰዓት አይመጣም ብሎ። ፕሮግራሙ ሜሞሪ ሲጠይቅ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) «እሺ» ይላል፤ ራሙን የሚሰጠው ግን ፕሮግራሙ ቦታውን መጠቀም ሲጀምር ነው። ሁሉም አንዴ ከመጡ አንዱን ማስነሣት ግድ ይሆናል። ይህ የኦኦኤም ኪለር (ሜሞሪ ሲያልቅ ፕሮግራም የሚገድለው የከርነሉ ክፍል) ሥራ ነው፤ በአብዛኛው የሚመርጠውም ብዙ ቦታ የያዘውን ነው። ዳታቤዝ ሰርቨር ላይ ብዙ ቦታ የያዘው ማነው? ሙሽራው ራሱ!

ስለዚህ መጀመሪያ የከርነሉን ሎግ (የክስተት መዝገብ) በዲሜሴጅ ትእዛዝ እዩ። «አውት ኦፍ ሜሞሪ» ብቻ ካለ ማሽኑ ሞልቷል። ከፊቱ «ሜሞሪ ሲግሩፕ» የሚል ካለበት ግን የሞላው ለአንድ ሰርቪስ (ከበስተጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም) ወይም ኮንቴይነር (ፕሮግራም ተከልሎ የሚሠራበት ክፍል) የተመደበው ድርሻ ነው፤ 128 ጊጋ ብትጨምሩም ድርሻው እስካልተነካ ያው ይገደላል። ኮንቴይነር በመውጫ ኮድ 137 ካቆመም ጠርጥሩ፦ 128 ሲደመር 9 ነው፤ 128ቱ በሲግናል መቆሙን ይነግራል፣ 9 የመግደያው ሲግናል ነው። ደግሞ በፍሪ ትእዛዝ ስታዩ «ፍሪ» የሚለው ዓምድ አያስደንግጣችሁ። ሊኑክስ ትርፍ ራም ለፋይል ካሽ (የዲስክ ፋይሎችን ለፍጥነት ለማቆየት) ስለሚያውል ትንሽ መሆኑ ጤና ነው። መታየት ያለበት «አቬይለብል» (ፕሮግራሞች ሊያገኙት የሚችሉት) ነው።

ብዙ ጊዜ ችግሩ የሒሳብ ነው። ፖስትግሬስ በተባለው ዳታቤዝ ላይ ወርክ ሜም (ለሥራ የሚፈቀደው የሜሞሪ መጠን) የሚሰጠው ለአንድ ኮኔክሽን (ግንኙነት) ሳይሆን ለአንድ የመደርደር ሥራ ነው። 64 ሜጋ አድርጋችሁ 100 ኮኔክሽን እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ቢደረድር 12,800 ሜጋ ነው። 16 ጊጋ ማሽን ላይ የቀረውን አስቡት። ጃቫም እንዲሁ፤ የ2 ጊጋ ኮንቴይነር ውስጥ ሂፑን (የፕሮግራሙ ዳታ የሚቀመጥበትን ሜሞሪ) 2 ጊጋ ማድረግ መግደያውን መጋበዝ ነው፤ ትሬዶቹ (ጎን ለጎን የሚሄዱት ሥራዎች) እና ሜታስፔሱ (የክላሶች መረጃ) ከሂፑ ውጭ ነዋ። ማክስ ራም ፐርሰንቴጅን (ሂፑ ከኮንቴይነሩ ሜሞሪ የሚይዘውን መቶኛ) 75 ማድረግ ይሻላል፤ ካልነካችሁት 25 ነው።

መከላከያው ላይ ሐሳቤ ግልጽ ነው፦ ጣሪያውን ሙሽራው ላይ ሳይሆን ሆዳሙ እንግዳ ላይ አድርጉ። ሌሊት ሪፖርት የሚያወጣው ሰርቪስ አለ እንበል። በሲስተምዲ (የሊኑክስ ሰርቪሶችን በሚያስነሣው) ሜሞሪ ሃይን 3 ጊጋ፣ ሜሞሪ ማክስን 4 ጊጋ አድርጉለት። 3 ሲያልፍ ይንቀራፈፋል፤ 4 ላይ ማስለቀቅ ካልተቻለ ይገደላል። ሜሞሪ ማክስ ስዋፕን (ራም ሲሞላ መጠባበቂያ የሚሆነውን የዲስክ ቦታ) አይቆጥርም፤ ሜሞሪ ስዋፕ ማክስን ዜሮ ካላላችሁ ትርፉ ወደ ዲስክ ይፈስና ማሽኑን በሙሉ ያዘገያል። ለዳታቤዙ ደግሞ ኦኦኤም ስኮር አጀስትን (ለመገደል የመመረጥ ዕድሉን የሚወስነውን ቁጥር) ወደ ኔጌቲቭ 900 አውርዱ። ፖስትግሬስ ላይ አንድ ፕሮሰስ እንኳ በሲግናል 9 ቢገደል ሁሉም ኮኔክሽን ተቋርጦ ሪከቨሪ (ዳታቤዙን የማደስ ሥራ) ይጀመራል።

«ቃል መግባቱን ጨርሶ ላስቆመው» ለምትሉ ኦቨርኮሚት ሜሞሪ የተባለውን የከርነል ቅንብር 2 ማድረግ አለ። ወጥመዱ ሬሾው (ከራሙ ለጣሪያው የሚቆጠረው መቶኛ) 50 ሆኖ መምጣቱ ነው፦ 16 ጊጋ ራም ያለ ስዋፕ ካለ ጣሪያው 8 ይሆናል። ራም ተርፎ ሳለ «ሜሞሪ የለም» መባል ይጀመራል። 4 ጊጋ ስዋፕ ጨምራችሁ ሬሾውን 80 ብትሉት (የ16ቱ 80 በመቶ 12.8፣ ሲደመር 4) 16.8 ጊጋ ይደርሳል።

ከዚያ በየጊዜው የሰርቪሱን ሜሞሪ ኢቨንትስ ፋይል (ጣሪያው ስንት ጊዜ እንደተነካ የሚቆጥረውን) ክፈቱ። ኦኦኤም ኪል ዜሮ ሆኖ «ሃይ» የሚለው ቁጥር ግን በየቀኑ ካደገ፣ 3 ጊጋው ጠቦታል ወይም ፕሮግራሙ ሜሞሪ ያፈስሳል (የያዘውን አይለቅም)። ሰርቪሱ እንደ አዲስ ሲነሣ ፍጆታው ዝቅ ብሎ ከቀን ቀን ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ ሁለተኛውን ጠርጥሩ።